ሪህ ያለበት ሰውና መጠጥ፦ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ማወቅ የሚገባን

ሐኪሞች ጋውት የሚሉት ሪህ ብዙዎቻችንን ያገኘን ከድግስ በኋላ ባለው ሌሊት ነው። ማታ ደህና የተኛ ሰው ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ላይ በእግሩ አውራ ጣት ሥር በሚያቃጥል ሕመም ይነቃል። ሲነጋ መገጣጠሚያው ቀልቶ አብጧል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ አንሶላ ሲነካው እንኳ አያስችልም። ሕመሙ በአንድ ቀን ውስጥ ጫፍ ይደርስና መድኃኒት ካልተወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቤተ ዘመዱ በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትናንት ምን ጠጥተህ ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። መጠጡ ሪሁን ቀስቅሶታል እንጂ በአንድ ሌሊት አልፈጠረውም። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ከሁለቱ ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃል፦ ወይ «መጠጥ ካቆምኩ ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፣ ወይ «መድኃኒት ስላለኝ እንደ ልቤ እጠጣለሁ» ይላል። ከበሽታው ጋር ለዓመታት የኖርን ሰዎች ስለ ሁለቱም የምናውቀውን ለአዲስ ታማሚዎች ማካፈል እንፈልጋለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ሕመም ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ሰውነታችን ፒዩሪን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ሲሰባብር ዩሪክ አሲድ ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ ከምግብና ከመጠጥ የሚመጣው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሲሆን፣ ቀሪውን የሚያመነጨው የራሳችን ሰውነት ነው። ከሰውነት የሚያስወጣው በዋናነት ኩላሊት ነው። የአብዛኞቻችን ችግር ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ኩላሊታችን ዩሪክ አሲድን በበቂ አያስወጣም፤ ይህም በቤተሰብ የሚወረስ ነገር አለው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ ሟሙቶ መቆየት አይችልም፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ከብርጭቆው ግርጌ እንደሚረጋው ሁሉ፣ መርፌ መሳይ ክሪስታል ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይረጋል። እግር ከሌላው አካል ስለሚቀዘቅዝ አውራ ጣት ቀዳሚ ተጠቂ ነው። ክሪስታሉ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ሊከማች ይችላል።

አልኮል በዚህ ላይ በብዙ መንገድ ይገባል። ጉበት አልኮልን ሲያቃጥል የሰውነትን የኃይል ማከማቻ ሞለኪውሎች በፍጥነት ይሰባብራል፤ ከስብርባሪውም ዩሪክ አሲድ ይወጣል። በዚያው ጊዜ በደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጨምራል፤ ይህ ደግሞ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ከሽንት መልሶ ወደ ደም እንዲስብ ያደርገዋል። ማመንጨቱ ሲበዛ ማስወጣቱ ቀነሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ አልኮል ሽንት ያበዛል፤ ውኃ ሳይጠጣ የተኛ ሰው ሌሊቱን ደሙ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠነክርበታል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የሚነሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«የትኛው መጠጥ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ቢራ ነው፤ ከአልኮሉ ሌላ የራሱን ፒዩሪን ይዞ ይመጣልና። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሪህ ያልነበረባቸውን 47,150 ወንዶች ለ12 ዓመት ተከታትሎ ነበር። በቀን የሚጠጣ እያንዳንዱ ቢራ በሪህ የመያዝ ዕድልን በ49 በመቶ፣ እያንዳንዱ መለኪያ ጠንካራ መጠጥ ደግሞ በ15 በመቶ ከፍ አድርጎ ተገኘ፤ መጠነኛ ወይን ግን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ወይን ምንም አያደርግም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ጥናት የተደረገው ግን ገና ባልታመሙ ሰዎች ላይ ነው። ሪህ ባለባቸው ሰዎች ላይ በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው ወይንም፣ ቢራም፣ ጠንካራ መጠጥም በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ለእኛ የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

ጠላ ከገብስና ከብቅል የሚጠመቅ፣ እርሾውም አብሮ የሚጠጣ ስለሆነ ከቢራ ጎራ ብንቆጥረው ይሻላል፤ ቦርዴና ኮረፌም እንዲሁ። ድፍርሱ ከጠለለው ይበልጥ መጠንቀቅ ይፈልጋል። አልኮል የሌለው ቢራም ፒዩሪኑ ስላልወጣለት ነጻ አይደለም። ጠጅ እንደ ጣዩ ይለያያል፤ አልኮሉ 7 በመቶም 12 በመቶም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ የማር ጣፋጭነት አለው። ብርዝ አልኮል ባይኖረውም ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ ራሱ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። የለስላሳ መጠጥም ነገር እንዲሁ ነው፤ ቢራውን ትቶ በቀን ሦስት ጠርሙስ ኮካ የሚጠጣ ሰው የተሻለ ነገር አላደረገም። ውኃ፣ አምቦ ውኃ፣ ስኳር ያልበዛበት ሻይና ቡና ግን ችግር የለባቸውም። እንዲያውም ቡና የሚያዘወትሩ ሰዎች ሪህ ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል።

የጠጣነውን ለማወቅ ብርጭቆ መቁጠር አይበቃም። ቀላሉ ስሌት ይህ ነው፦ የመጠጡን ሚሊሊትር በአልኮሉ መቶኛ አባዙ፤ ለ100 አካፍሉ፤ የተገኘውን በ0.8 አባዙ፤ ውጤቱ የንጹሕ አልኮል ግራም ነው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊሊትር ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ይሆናል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጃምቦ ድራፍት 20 ግራም ይደርሳል። 10 በመቶ የሆነ ጠጅ በሩብ ሊትር ብርሌ እንዲሁ 20 ግራም ነው። 45 በመቶ ገደማ የሆነ ዳግም አረቄ በ40 ሚሊሊትር መለኪያ 14 ግራም አለው። እንግዲህ «ሁለት ብርሌ ብቻ ነው የጠጣሁት» ያለ ሰው ሦስት ጠርሙስ ቢራ ያህል አልኮል ወስዷል። በቀደመው ጥናት በቀን 50 ግራምና ከዚያ በላይ የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ በሪህ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ነበር፤ 50 ግራም ማለት ሁለት ጃምቦ ተኩል ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አሰባስቦ የሚያመጣው ፋሲካ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በጾሙ ወራት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን እንበላለን፤ እነዚህ ፒዩሪን ቢኖራቸውም ሪህን ሲያባብሱ አልታዩም፤ ስለዚህ «ሽሮ ሪህ ያመጣል» ብለው የሚያስፈራሩትን አትስሙ። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። ስቅለት በስግደት ላብ ይወጣል፤ አክፍሎት የሚይዝ ሰው ደግሞ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ አይቀምስም። ሰውነት ረዘም ላለ ጊዜ ሲራብ ስብ ያቃጥላል፤ ከስቡ የሚወጡት ኪቶኖች ኩላሊት ላይ የዩሪክ አሲዱን መውጫ ይሻሙታል። ከዚያ በዚያው ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ሲነጋ ከቅርጫው ዱለትና ጥሬ ሥጋ፣ ቀጥሎ ጠላውና ጠጁ ይከተላል። ጉበት የበዛበት ዱለት ከሥጋው ሁሉ ፒዩሪን የበዛበት ነው። የቅቅል መረቅም ከሥጋው የወጣውን ፒዩሪን ይዞ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት አውራ ጣት ቢነሳ ሊገርመን አይገባም።

በበዓል ቀን የሚረዱን ነገሮች ቀላል ናቸው። ሪህ ያለበት ሰው ስለ አክፍሎቱ ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ይነጋገር፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ሊያቀሉለት ይችላሉ። ጾም ሲፈታ ከምግቡ በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ በዝግታ ይጠጣ። ዱለቱን ለሌላ ይተው፤ ሥጋውን ከመዳፉ ባልበለጠ መጠን ይውሰድ። ከሁሉ በላይ ሥጋና መጠጥን በአንድ ቀን አያገናኝ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለ በቀን ሁለት ሊትር ውኃ ጥሩ መጠን ነው፤ እነዚህ ካሉ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ከምግቡ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰው ነው። በእኛ ቤት ብርጭቆ ባዶ እስኪሆን አይጠበቅም፤ አጋፋሪው ግማሽ ሲጎድል ይሞላዋል፤ ስለዚህ ስንት እንደጠጣን ራሳችንም አናውቅም። «በሞቴ! አንድ ብቻ!» ሲባል ደግሞ እምቢ ማለት ንቀት ይመስላል። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ተቀበሉና ሞልቶ ይቀመጥ፤ የሞላ ብርጭቆ ላይ ማንም አይቀዳም። «አልጠጣም» ከማለት «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ይሻላል፤ እውነትም ነው፤ የሚከራከርም የለም። ባለቤቷን ወይም ባለቤቱን የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን እዚያው ለደጋሾቹ አስቀድሞ ቢነግር ትልቅ እርዳታ ነው።

ሪሁ አንዴ ከተነሳ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት የሚያደርገው ነገር ሕመሙን ያባብሰዋል። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት አይገባም፤ የተሰበረም የወለቀም ነገር የለም፤ የተቆጣ መገጣጠሚያ ሲታሽ ይብሳል። ፍል ውኃ መግባትና በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም እንዲሁ። ሕመሙን ለማደንዘዝ አረቄ መጠጣት ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። የሚረዳው ቅዝቃዜ ነው፦ በረዶ በፎጣ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ ማሳረፍ፣ በቀን ደጋግሞ ማድረግ። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉ፤ ብርድ ልብሱ እንዳይነካው ከእግሩ በላይ ካርቶን ድጋፍ አድርጋችሁ አልብሱት፤ ውኃም ጠጡ።

መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው። ኮልቺሲን ሐኪም አስቀድሞ አዝዞላችሁ ቤት ካለ፣ ባለ 0.5 ሚሊግራሙ እንክብል ሁለት ተውጦ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ይጨመራል፤ በዚያ ቀን ከዚህ አያልፍም። በየሰዓቱ ተቅማጥ እስኪመጣ ድረስ መውሰድ የድሮ አሠራር ነው፤ ሊመርዝ ይችላል። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ወይም ክላሪትሮማይሲን የሚባለውን ፀረ ተሕዋስያን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈጽሞ አይንካው። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራና ኩላሊት ላይ ይከብዳሉ። ትናንት ብዙ የጠጣ ሰው ዛሬ ባዶ ሆዱን ዳይክሎፌናክ ሲወስድ የጨጓራ መድማት ሊመጣበት ይችላል፤ ጥቁር ዓይነ ምድር ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ከታየ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ስኳር ያለባቸው ሰዎች እብጠትን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን ከታዘዘላቸው ስኳራቸው ስለሚወጣ መለካት አለባቸው። ሕመሙ እስኪያልፍ ድረስ መጠጥ ጨርሶ አይነካም።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም የታመመው ጉልበት ከሆነና ሕመሙ ከወትሮው የተለየ ከሆነ፣ መገጣጠሚያው በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቆጠር አደጋ ነው፤ ሐኪሙ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ማየት አለበት።

ሁለተኛው የስሕተት ቦታ ላብራቶሪው ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ዩሪክ አሲድ ሲለካ መደበኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ሪህ አይደለም» ተብለው የተመለሱ ብዙዎች ናቸው። ሕመሙ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አስለኩ። አብሮ ክሪያቲኒን ይታይ፤ ኩላሊቱ እንዴት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ዘርዝሩ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ይጨምራል፤ ሎሳርታን ግን ጥቂት ይቀንሳል። ከቲቢ መድኃኒቶች መካከል ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ፤ የቲቢ ታካሚ ሕክምናው ላይ እያለ መገጣጠሚያው ቢያመው መድኃኒቱን በራሱ አያቁም፤ ለጤና ባለሙያው ይንገር። የታዘዘላችሁንም ማንኛውንም መድኃኒት እንዲሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፤ መቀየሩ የሐኪም ሥራ ነው።

የነገሩ መዞሪያ የሚመጣው አንድ የዩሪክ አሲድ ቁጥር ስንይዝ ነው፦ በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ወረቀቱ በማይክሮሞል ስለሚጻፍ እዚያ ላላችሁ ቁጥሩ 360 ነው። ዩሪክ አሲድ ከዚህ በታች ሆኖ ሲቆይ የረጋው ክሪስታል ቀስ በቀስ ይሟሟል። መጠጥ ማቆምና ክብደት መቀነስ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጉታል፤ ነገር ግን 9 ወይም 10 ላይ ያለን ሰው በምግብ ብቻ ከ6 በታች ማውረድ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ አብዛኛውን ዩሪክ አሲድ የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነውና። ሕመሙ በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነሳበት፣ ከቆዳው ሥር እብጠት የያዘ ወይም የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰውን አሎፑሪኖል የተባለ መድኃኒት ስለመጀመር ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር።

አሎፑሪኖል የሚጀመረው በትንሹ ነው፤ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ኩላሊት የደከመ ከሆነ 50። ከዚያ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ ቁጥሩ እስኪወርድ ይጨመራል። ብዙ ሰው 100 ላይ ተቀምጦ ለዓመታት «መድኃኒቱ አይሠራልኝም» ይላል፤ መጠኑ ስላላደገለት ነው። ሌላው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ይነሳበትና መድኃኒቱን ይጥላል። ክሪስታሉ ሲሟሟ መገጣጠሚያው ይታወካል፤ ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከሦስት እስከ ስድስት ወር ትንሽ መጠን ኮልቺሲን አብረው የሚሰጡት። ሕመም ቢነሳም አሎፑሪኖሉ አይቋረጥም። የሚቋረጠው በቆዳ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሽፍታ፣ የአፍ ቁስለት ወይም ትኩሳት ከታየ በዚያው ቀን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው።

በእነዚህ ወራት መጠጥ ብናቆም ይበጃል። ቁጥሩ አንድ ሳምንት ወርዶ በቅዳሜና እሑድ መጠጥ ሲወጣ ያ መዋዠቅ ራሱ ሕመም ይቀሰቅሳል፤ ሐኪሙም መጠኑን በትክክል ማስተካከል አይችልም። ቁጥሩ ለብዙ ወራት ከ6 በታች ከጸና በኋላ አንድ ብርጭቆ ወይን ወይም አንድ ቢራ አልፎ አልፎ የሚጠጡ ብዙ ሰዎች በሰላም ይኖራሉ። የእኛ ምክር እንዲህ ነው፦ በአንድ ቀን ከአንድ አይለፍ፤ ሥጋ የተበላበት ቀን አይሁን፤ ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ ይግባ፤ ተከታታይ ቀናት አይሁኑ። ለሳምንቱ የተፈቀደውን አጠራቅሞ በአንድ ሠርግ ላይ መጨረስ ከሁሉ የከፋ ነው።

በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ አረቄ የሚጠጣ ወገን ካላችሁ ግን በአንድ ቀን እንዲያቆም አታስገድዱት። ሰውነቱ ለምዶታል፤ በድንገት ሲቋረጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ቅዠትና የሚጥል ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ያልፋል። ሐኪም ባለበት መቋረጥ አለበት። ይህን ሰው መውቀስም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አብሮት ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ነው።

ሴቶችንም እንዳንረሳ። የወር አበባ እስኪቆም ድረስ ኤስትሮጅን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ስለሚረዳ ሪህ ሴቶች ላይ ብዙም አይታይም፤ ከዚያ በኋላ ግን ይመጣል። ጠላ ስትጠምቅ፣ አረቄ ስታወጣ፣ ጠጅ ስትጥል ዓመታት ያሳለፈች እናት ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ እየቀመሰች የምትውለውን እንደ መጠጥ አትቆጥረውም። እግሯ ወይም የእጅ ጣቷ ሲያብጥ «ቁርጥማት ነው፤ እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ዩሪክ አሲዷን አስለኩላት፤ አንዲት የደም ናሙና ነው የምትበቃው።